ስለ እሳቱ ጮክ ብላ፣ ስለ ድስቱ በሹክሹክታ፦ የቶማስ ሴቨሪ መጽሐፍ ሲመዘን

በ1702 ለንደን ላይ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ታተመች። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጸሐፊው ቶማስ ሴቨሪ ይባላል፤ የደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ የዴቨን ሰው ነው። የመጽሐፏ ርዕስ በአማርኛ «የማዕድን ቆፋሪው ወዳጅ» እንደማለት ነው። የምታወራው በእሳት ኃይል ውሃ ስለሚስብ ማሽን ነው። ዛሬ ላይ ሆናችሁ ብታነቡት ምን ይመስላል ብትሉኝ፣ የኢንጂነሪንግ መጽሐፍ ሳይሆን አንድ ጀማሪ ኩባንያ ባለሀብቶች ፊት ቆሞ የሚያቀርበው ገለጻ ነው የሚመስለው። ችግራችሁ ይሄ ነው፣ መፍትሔው ይሄ ነው፣ ወጪው ከፈረስ ያንሳል፣ ኑ ግዙኝ።

የቴክኖሎጂ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህችን መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መስመር ያልፏታል። ሴቨሪ የእንፋሎት ፓምፕ ሠራ፣ ብዙም አልተሳካለትም፣ ከዚያ ኒውኮመን መጣ፣ ከዚያ ጄምስ ዋት መጣ፣ አለቀ። እኔ ግን በራሷ ልትነበብና በራሷ ልትተች የሚገባት መጽሐፍ ናት ባይ ነኝ። ለምን መሰላችሁ? ውስጧ ጮክ ተብሎ የተነገረ ነገርና በሹክሹክታ የተነገረ ነገር አለ። ጮክ ተብሎ የተነገረው ስለ እሳቱና ስለ እንፋሎቱ ነው። በሹክሹክታ የተነገረው ደግሞ ስለ ድስቱ፣ ማለትም ውሃው ስለሚፈላበት ቦይለር ነው። በኋላ ሰው የሞተው በድስቱ በኩል ነው።

ውሃ ቅዳሜና እሁድ አያውቅም

መጀመሪያ ምስጋናዋን ልስጣት። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ላይ ላዩን ይገኝ የነበረው የድንጋይ ከሰልና የቆርቆሮ ማዕድን እየተለቀመ ሲያልቅ ቆፋሪዎች ወደ ታች መውረድ ግድ ሆነባቸው። በወረዱ ቁጥር የከርሰ ምድር ውሃ ይቀበላቸዋል። ውሃውን በባልዲ፣ በሰንሰለት፣ ፈረስ በሚያዞረው መዘውር እየቀዱ ያወጡት ነበር። ውሃ ግን ቅዳሜና እሁድ አያውቅም፤ ሌሊትም ይመነጫል። ፈረስ ደግሞ ይደክመዋል፣ ይበላል፣ ይታመማል።

ሴቨሪ ይህን ችግር የሚያስረዳበት መንገድ የመጽሐፏ ምርጥ ክፍል ነው። ማሽኑን ከፈረስ ጋር ያወዳድራል፤ ግን እንደ ተራ ሻጭ አይደለም። ሁለት ፈረሶች በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን ሥራ ሳይቋረጥ ለማስኬድ እየተፈራረቁ የሚሠሩ 10 ወይም 12 ፈረሶች መቀለብ እንደሚያስፈልግ ያሰላል። ስለዚህ የሁለት ፈረስ ሥራ የሚሠራ ማሽን የሚተካው ሁለት ፈረስ ሳይሆን በረት ሙሉ ፈረስ ነው ይላል። ማሽንን በፈረስ መለካት የምናውቀው በጄምስ ዋት ስም ነው። ዋት ቁጥሩን አስተካክሎ መለኪያ አድርጎታል፤ ሐሳቡ ግን ከእሱ 80 ዓመት ገደማ በፊት እዚህች ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጧል።

የማሽኑ ገለጻም ግልጽ ነው። ስዕል አለ፣ ስዕሉ ላይ እያንዳንዱ ክፍል የፊደል ምልክት ተሰጥቶታል፣ ጽሑፉ በፊደሎቹ ተራ ይሄዳል። ማሽኑ ፒስተን የለውም፣ የሚሽከረከር ጎማም የለውም። አንድ ቦይለር፣ እንፋሎት የሚገባበት የተዘጋ ጋን፣ ወደ ታች ውሃው ውስጥ የሚወርድ ቧንቧ፣ ወደ ላይ የሚወጣ ቧንቧ፣ ቫልቮች። ጋኑ በእንፋሎት ይሞላል። ከዚያ ከውጭ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈስበታል። እንፋሎቱ ተመልሶ ጠብታ ውሃ ይሆንና ጋኑ ውስጥ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ያኔ ከታች ያለውን ውሃ የውጭው አየር እየገፋ ወደ ጋኑ ያስገባዋል። ውሃው ጋኑን ሲሞላ እንደገና እንፋሎት ይለቀቅበታል፤ አሁን እንፋሎቱ ራሱ ውሃውን ገፍቶ በላይኛው ቧንቧ ያስወጣዋል። ሴቨሪ ሁለት ጋኖች ነው የተጠቀመው፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ይገፋል።

የመጀመሪያውን ግማሽ ቤት ውስጥ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ሙቅ ውሃ (የፈላ አይደለም፣ እንዳትቃጠሉ) አድርጋችሁ ነቅንቁና ድፉት፣ ክዳኑን ቶሎ ግጠሙ፣ ከዚያ ከውጭ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። ጠርሙሱ ጭምድድ ይላል። የጨመደደው ቀዝቃዛው ውሃ አይደለም፤ ከውጭ ያለው አየር ነው።

ይሄ ግማሽ ግን ወሰን አለው። አየር ውሃን ወደ ባዶ ቦታ የሚገፋው በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ነው። ማሽኑ ፍጹም ስላልሆነ ደግሞ በተግባር ከዚያ በጣም ያንሳል። (እንደ ጨዋታ ካሰባችሁት፣ የሴቨሪን ማሽን አዲስ አበባ ላይ ብንተክለው ችግሩ ይብሳል። በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ፍጹም የሆነ ማሽን እንኳ ከ8 ሜትር በላይ አይስብም። ዛሬም ከመሬት በላይ የተተከለ የመሳቢያ ፓምፕ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ እምቢ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው።) ስለዚህ የሴቨሪ ማሽን መሬት ላይ ተቀምጦ ከ50 ሜትር ጥልቀት ውሃ መሳብ አይችልም። ራሱ፣ ከነእሳቱና ከነቦይለሩ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃው አጠገብ መተከል አለበት። ቀሪውን ከፍታ በሙሉ ውሃውን መግፋት ያለበት እንፋሎቱ ነው። ሹክሹክታው የሚጀምረውም እዚህ ጋ ነው።

ድስቱ ምን ያህል ይችላል?

ሒሳቡ ቀላል ነው። ውሃን 10 ሜትር ወደ ላይ ለመግፋት ከውጭው አየር በላይ 1 አትሞስፌር ያህል ግፊት ያስፈልጋል። 1 አትሞስፌር ማለት በእያንዳንዷ ስኩዌር ሳንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ግራም እንደተቀመጠ ያህል ነው። ሴቨሪ ማሽኔ በቀላሉ ያወጣል የሚለው ከፍታ ከ60 እስከ 80 ጫማ ነው፤ 80 ጫማ 24 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ እንፋሎቱ ወደ 2.4 አትሞስፌር ተጨማሪ ግፊት ያስፈልገዋል። «ይሄማ ምን አላት» ትሉ ይሆናል። ማብሰያችን፣ ያ የሚያፏጨው ፕሬሸር ኩከር፣ ወደ 1 አትሞስፌር ተጨማሪ ግፊት ይችላል፤ ታዲያ 2.4 ምን ያስፈራል?

የሚያስፈራው ስፋቱ ነው። 1 ሜትር ስፋት ያለው ክብ፣ እንደ በርሜል የረዘመ ቦይለር አስቡ። (ቁጥሩ የእኔ ምሳሌ ነው።) ውስጡ ያለው እንፋሎት ጎኑን ለመሰንጠቅ ይጎትተዋል። ጉተታው ግፊቱ በስፋቱ ግማሽ ሲባዛ ነው፦ 2.4 ጊዜ 50፣ 120 ኪሎ ግራም። ይሄ እንግዲህ በጠቅላላ ቦይለሩ ላይ አይደለም፤ በእያንዳንዷ የመገጣጠሚያ ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። በአንዲት ጣት ጥፍር ስፋት ላይ ሁለት ጎልማሳ ሰው ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ቦይለሩ እንደ ኳስ ድቡልቡል ከሆነ ጉተታው በግማሽ ይቀንሳል፤ ስፋቱን እጥፍ ካደረጋችሁት ደግሞ እጥፍ ይሆናል። የማብሰያችን ምስጢርም ይሄው ነው፤ ትንሽ ስለሆነች ትችለዋለች።

አሁን ሴቨሪ በእጁ የነበረውን ነገር ተመልከቱ። የብረት ብየዳ የለም። ያለው በመዶሻ የተቀጠቀጠ መዳብና ናስ ነው፤ መገጣጠሚያውም ስታኞ ነው፣ ያ የሬዲዮና የስልክ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ዓይነት በቀላሉ የሚቀልጥ የእርሳስና የቆርቆሮ ቅልቅል። የቢራ ጠማቂ ጋን ለመሥራት የሚበቃ ሙያ ነው። ስታኞ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጠባይ አለው፦ ሙቀት ይጠላል። እንፋሎት ግፊቱ ሲጨምር ሙቀቱም ይጨምራል። ስለዚህ የሴቨሪ ማሽን ውሃ ወደ ላይ ከፍ ለማድረግ በጣረ ቁጥር የገዛ መገጣጠሚያውን ያለሰልሳል።

ሴቨሪ ይህን አያውቅም ነበር? ያውቃል። መጽሐፏ ውስጥ በፈጣሪውና በአንድ ማዕድን ቆፋሪ መካከል የሚደረግ ምልልስ አለ፤ ቆፋሪው ጥርጣሬውን ያነሳል፣ ፈጣሪው ይመልሳል። እዚያ ምልልስ ውስጥ ሴቨሪ ይህን ያህል ክብደት ያለው የውሃ ዓምድ የሚችል ጥንካሬ ቢያገኝ 500 ወይም 1,000 ጫማም ከፍ ማድረግ እንደሚችል ይናገራል፤ ያንን ጥንካሬ ስላላገኘ ነው ወደ 60 እና 80 ጫማ የሚመለሰው። እኔ በበኩሌ ከመላው መጽሐፍ በጣም ሐቀኛው ቃል ይሄ ነው እላለሁ። ችግሩ የት ቦታ እንደተነገረ ነው። ንጉሡ ፊት፣ የሳይንቲስቶቹ ማኅበር ሮያል ሶሳይቲ ፊት፣ የማዕድን ባለሀብቶቹ ፊት በሚቀርበው መግቢያ ላይ ጎልቶ አልተጻፈም። በጨዋታ መሃል፣ «ጥንካሬ ከተገኘ» ተብሎ ታለፈ። 1,000 ጫማ ማለት ከ30 አትሞስፌር በላይ ነው። በእኛ ምሳሌ ቦይለር ላይ በእያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር 1,500 ኪሎ ግራም፣ አንድ የቤት መኪና። «ከተገኘ» የምትለዋ ቃል ስንት እንደተሸከመች አያችሁ?

ምስክሩን ስንመረምር

የሆነውን የነገረን ዴዛጉሊየ የሚባል በፈረንሳይ ተወልዶ በእንግሊዝ የኖረ የፊዚክስ ሰው ነው። በ1744 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሴቨሪ ለንደን ውስጥ ዮርክ ቢልዲንግስ በሚባለው የቴምዝ ወንዝ ዳር ማሽኑን ሲያሠራ የእንፋሎቱ ብርታት ከአየር 8 ወይም 10 እጥፍ ይደርስ እንደነበር ጽፏል። ያኔ ሙቀቱ ስታኞውን ያቀልጠው፣ ግፊቱም መገጣጠሚያዎቹን ይበረግዳቸው ነበር።

ተቺ ምስክሩንም መተቸት አለበት። ዴዛጉሊየ ሴቨሪን የሚወድ ሰው አልነበረም። ሐሳቡን ከሌላ ሰው፣ ከዎርስተር ማርኪስ፣ ወስዶ ነው፤ ያንን ለመደበቅም የማርኪሱን መጽሐፍ እየገዛ አቃጥሏል እስከማለት የደረሰ ነው። ታዲያ ስለ ቀለጠው ስታኞ እንመነው? እዚህ ላይ ፊዚክስ ይረዳናል። በ8 አትሞስፌር ውሃ የሚፈላው በ170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ በ10 አትሞስፌር በ180 ገደማ። የተለመደው ስታኞ መቅለጥ የሚጀምረው 183 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ይለሰልሳል። ዴዛጉሊየ የነገረን ግፊትና የነገረን ጉዳት እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ። ስለ ተቃጠለው መጽሐፍ ያለውን ግን እንዲህ የምንፈትሽበት መንገድ የለንም፤ ስለዚህ እሱን ሐሜት ብዬ አልፌዋለሁ።

የመጽሐፏ ትልቁ ጉድለት ግን ለእኔ የስታኞው ጉዳይ አይደለም። ስታኞ ዘመኑ የሰጠው ነው። ጉድለቱ የሴፍቲ ቫልቭ አለመኖር ነው። ዴኒ ፓፓን የሚባል ፈረንሳዊ አጥንት ጭምር የሚያለሰልስ የተዘጋ ማብሰያ ሠርቶ ነበር፤ የዛሬው ፕሬሸር ኩከር አያት ማለት ነው። ማብሰያው እንዳይፈነዳ በዘንግና በክብደት የተያዘ ቫልቭ አበጀለት፤ ግፊቱ ሲበዛ ክብደቱን አንስቶ ይተነፍሳል። ስለ ማብሰያው የጻፈው መጽሐፍ በ1681 ለንደን ውስጥ ታትሟል፤ ፓፓንም የሠራው ከዚያው ከሮያል ሶሳይቲ ጋር ነበር። ሴቨሪ የማሽኑን ሞዴል ለዚሁ ማኅበር ያሳየው በ1699 ነው። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ መፍትሔው ያው ከተማ ውስጥ፣ ያው ማኅበር ውስጥ ተቀምጧል። የሥጋ ማብሰያ ያገኘውን ጥንቃቄ የማዕድን ማሽኑ አላገኘም። በሴቨሪ ዓይነት ማሽን ላይ ሴፍቲ ቫልቭ የገጠመው በኋላ ዴዛጉሊየ ራሱ ነው።

ሌላም አለ። ሴቨሪ ማሽኑ ለመያዝ ቀላል መሆኑን ሲያስረዳ የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ በጥቂት ቀን ተምሮ በደንብ ሊያሠራው ይችላል ይላል። እንደ ማስታወቂያ ግሩም ነው፤ ባለሙያ አትቀጥሩም፣ ደመወዝ አይበዛባችሁም። እንደ ኢንጂነሪንግ ግን መጽሐፏን ዘግቼ ያሰብኩበት ቦታ ይሄ ነው። የልጁ ችሎታ አይደለም ያሳሰበኝ፤ የእናንተ እድሜ ነው፣ ቫልቭ መክፈትና መዝጋት ለእናንተ ምንም ማለት አይደለም። ያሳሰበኝ ልጁ ምን እንዲያውቅ እንደተፈለገ ነው። እጀታውን መቼ እንደሚያዞር ይማራል። ድስቱ ስንት እንደሚችል ግን ማን ይነግረዋል? ፈጣሪው ራሱ የሚያውቀው «ከተገኘ» የሚለውን ያህል ነው።

ዴዛጉሊየ የመዘገበው ሞት ይህንኑ ያሳያል። ሴፍቲ ቫልቭ የተገጠመለት የሴቨሪ ዓይነት ማሽን ነበር። ስለ ማሽኑ ጠባይ ምንም የማያውቅ አንድ ሰው ሳይማር ሊያሠራው ገባ። ሥራው እንዲፈጥንለት የቫልቩን ክብደት እስከ ዘንጉ ጫፍ ገፋው። አልበቃ ብሎት የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀምበት ከባድ ብረት ጨምሮ አንጠለጠለበት። ቫልቩ መተንፈስ አቃተው፤ ቦይለሩ ፈነዳ፤ ሰውየው ሞተ። ሰውየው ሞኝ አልነበረም። ክብደት ሲጨምር እንፋሎቱ እንደሚበረታ ገብቶት ነበር፤ ይሄ ደግሞ ትክክል ነው። ያልተነገረው ግማሹ ነው።

ለሴቨሪ የምከራከርበት ቦታ

ፍርዴ እንዳይከፋ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ መጽሐፏ ስለ ድስቱ ፈጽሞ አታስብም ማለት ውሸት ይሆናል። ሴቨሪ ቦይለሩ ውስጥ ውሃው ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ ወደ ውስጥ የምትወርድ ቀጭን መለኪያ ቧንቧ አድርጓል፤ ስትከፈት እንፋሎት ከወጣ ውሃው ጎድሏል፣ ውሃ ከወጣ ገና አለ። ትልቁ ቦይለር ውሃ ሲያንሰው ደግሞ አጠገቡ ያለች ትንሽ ቦይለር የጋለ ውሃ ትልክለታለች፤ ሥራው አይቋረጥም። እነዚህን ያሰበ ሰው ግዴለሽ አይደለም። የውሃውን መጠን መለካት ችሏል። የግፊቱንና የመዳቡን ጥንካሬ መለካት ነው ያልቻለው፤ በ1702 የብረታ ብረት ጥንካሬ ሠንጠረዥ ከፍቶ የሚያይ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ማሽኑ በልኩ ሲሠራ ሠርቷል። ለንደን አጠገብ ኬንሲንግተን ውስጥ ካምደን ሃውስ በሚባል መኖሪያ ቤት የተተከለችው ትንሿ ማሽን ውሃ በማውጣት በደንብ አገልግላለች። ትንሽ ቦይለር፣ ትንሽ ከፍታ፣ ትንሽ ግፊት። ከ1770ዎቹ በኋላም ማንቸስተር አካባቢ ጆሹዋ ሪግሊ የሚባል ሰው በሴቨሪ መርህ ፓምፖች እየሠራ ለፋብሪካዎች ሸጧል፤ ውሃውን ጥቂት ሜትር ብቻ አንስተው የውሃ ጎማ ላይ ያፈሱት ነበር። መጽሐፏ «የአትክልት ባለቤቱ ወዳጅ» ተብላ ብትጻፍ ኖሮ የምተችበት ነገር ባነሰ። ስሟ ላይ ግን ማዕድን ቆፋሪ አለ፤ የቆፋሪው ጉድጓድ ጥልቅ ነው።

ለጥልቁ ጉድጓድ የመጣው መልስ የቶማስ ኒውኮመን ነው። እሱም የዴቨን ሰው፣ የዳርትመዝ ብረታ ብረት ነጋዴ ነበር። በ1712 ዱድሊ ቤተ መንግሥት አጠገብ ያቆመው ማሽን ለእኔ ከማንም ብዕር የበለጠ የሴቨሪን መጽሐፍ የተቸ ሥራ ነው። ኒውኮመን ድስቱን አላጠነከረም። ከድስቱ ብዙ አልጠየቀም፣ ይኸው ነው። እንፋሎቱን ወደ ሲሊንደር ያስገባዋል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጭበታል፣ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ሲመለስ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፣ የውጭው አየር ፒስተኑን ወደ ታች ይጫነዋል። ፒስተኑ ከትልቅ የእንጨት ምሰሶ ጋር ታስሯል፤ ምሰሶው እንደ ሚዛን ሲወዛወዝ በሌላ ጫፉ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን የፓምፕ ዘንግ ያነሳል። ሥራውን የሚሠራው አየሩ ነው፤ እንፋሎቱ ከአየር ትንሽ ብቻ በርታ ካለ ይበቃል።

ሲሊንደሩ 53 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነበረው። በደቂቃ 12 ጊዜ ይወዛወዛል፤ በእያንዳንዱ ምት 45 ሊትር ገደማ ውሃ ከ47 ሜትር ያህል ጥልቀት ያወጣል። ቦይለሩ እንደ ቢራ ጠማቂ ጋን ያለ ነበር፣ ስፋቱ ወደ 1.7 ሜትር። ግፊቱ ግን ከአየር በላይ የአንድ አትሞስፌር አንድ አሥረኛ ያህል ቢሆን ነው። ሒሳባችንን እንድገመው፦ 0.1 ጊዜ 84፣ 8 ኪሎ ግራም ገደማ በሳንቲ ሜትር። ውሃ የያዘ ባልዲ። ከሴቨሪ እጥፍ ጥልቀት እያወጣ፣ መገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጉተታ ግን አንድ አሥራ አምስተኛ ነው። እሳቱም ቦይለሩም መሬት ላይ፣ ሰው በሚያየው ቦታ ተቀምጠዋል።

የሚገርመው ይሄ ማሽን የወጣው በሴቨሪ ፓተንት ጥላ ሥር መሆኑ ነው። በ1698 ለ14 ዓመት የተሰጠው መብት በ1699 በፓርላማ 21 ዓመት ተጨምሮበት እስከ 1733 ጸንቷል። ሲጻፍ በጣም ሰፊ ተደርጎ ስለነበር በእሳት ውሃ የሚያወጣ ሁሉ ይነካው ነበር። ሴቨሪ በ1715 ሞተ፤ ወረቀቱ ከማሽኑም ከባለቤቱም በላይ ዕድሜ አገኘ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ብርቱ እንፋሎት እንደገና ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ይዞት የመጣው ሪቻርድ ትሬቪቲክ ነው። በ1803 ለንደን አጠገብ ግሪንዊች ውስጥ የአንድ ወፍጮ ቤት መሠረት ሲቆፈር ውሃውን የሚያወጣው የእሱ ማሽን ነበር። ማሽኑን የሚጠብቀው አንድ ልጅ ነው። ልጁ ማሽኑን ለአንድ የቀን ሠራተኛ ትቶ እባብ የሚመስል ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ። የቫልቩ ዘንግ በቡሎን መፍቻ ተይዞ እንዳይነሳ ሆኗል። ሠራተኛው ማሽኑ ከወትሮው ሲፈጥንበት አስቆመው፤ መፍቻውን ግን አላነሳም። እንፋሎቱ መውጫ አጣ። ሦስት ሰዎች ወዲያው ሞቱ፣ አራተኛው ቆይቶ ሞተ። ልጁ መፍቻውን ሊያነሳ እየተመለሰ ነበር፤ ቆስሎ ተረፈ።

ከዚያ በኋላ ትሬቪቲክ ሁለት ሴፍቲ ቫልቭ መግጠም ጀመረ። ቦይለሩ ላይ እሳቱ በሚነካው በኩል ደግሞ ቀዳዳ በስቶ በእርሳስ ደፈነው። ውሃው ሲጎድል እርሳሱ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ እንፋሎቱ ወደ እሳቱ ያመልጣል። የሴቨሪን መገጣጠሚያ ያፈረሰው ቶሎ የሚቀልጥ ብረት አሁን እንዲቀልጥ ታስቦ ገባ፤ መፍቻ የሚታሰርበት ዘንግ ደግሞ የለውም።